ጋቢናዬን የተቀማሁበት መስቀል

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለመቅደላዊት፣ ካለሽበት ቤይሩት፤

እንደምን ሰንብተሻል እህት ዓለም? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ነገርስ ለቀቀሽ? ሰማዩስ ጸጥ አለላችሁ? እኛ እዚህ የቤይሩት ስም በዜና በተነሣ ቁጥር የያዝነውን ጥለን ነው የምናዳምጠው። እንቅልፍ ትጠግቢያለሽ ወይ? ማዳምሽስ አመሏ ተሻለ ወይስ ያው ናት? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ግን እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሱቄን በጊዜ እከፍታለሁ ማለቴ ነው። ሆዴ እንዴት እንደከረመ ወደ ታች ስትወርጂ ታነቢዋለሽ።

በስልክ ያልነገርኩሽ ቤታችንን ስለምታውቂው ነው። ባሌ በሱፍቃድ ሲያነጥስ "ይማርህ" የሚለው ጎረቤት ነው። ስለዚህ የሰፈራችን ልጅ አሚራ ዕረፍቷን ጨርሳ ወደዚያው እንደምትመለስ ስሰማ ወረቀት ገዝቼ ተቀመጥኩ። ደብዳቤውን ከሚጥሚጣው ጋር ጠቅልዬ እሰጣታለሁ፤ ስትከፍቺው ዓይንሽን ጠብቂ። ለእማዬ ግን ከዚህ ሁሉ አንድም ቃል እንዳይደርሳት አደራ። ሰምታ ዝም አትልም፣ ደግሞ ባሌን በክፉ እንድታይብኝ አልፈልግም።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ። በሱፍቃድ ያቺን ራይድ የሚሠራባትን ነጭ ቪትዝ እንዴት እንደሚይዛት ነግሬሻለሁ። ቆሎ እንኳ አያስበላኝም፤ ፍርፋሪ ወንበሩ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል ይለኛል። ግድ የለም፣ የእንጀራችን መሶብ ናት ብዬ እሺ ብዬው ኖሬያለሁ። ባለፈው ዐቢይ ጾም ታዲያ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ልንሄድ ጋቢና ስገባ ወንበሩ ላይ ፀጉር አገኘሁ። ረጅም፣ ወደ ቀይ የሚወስደው፣ ለስላሳ ፀጉር። የእኔን ፀጉር ታውቂዋለሽ፤ አጭርና ጥቁር ነው። ጃኬቱን ሳሸተው ደግሞ የሻምፖ ሽታ አለው፤ የእኛ ቤት ሻምፖ አይደለም። ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው "የተሳፋሪ ይሆናል" ብሎ ወደ መስኮቱ ዞረ። በሱፍቃድ እውነት ሲናገር ፊቴን ነው የሚያየኝ። ያን ቀን ቅዳሴው ከየት ተጀምሮ የት እንዳለቀ አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ እሳት ጎርሼ እሳት ለብሼ ነው የከረምኩት። ኪሱን ፈተሽኩ፣ ስልኩን አየሁ፣ ምንም የለም። አንድ ቅዳሜ ሜክሲኮ ደንበኛ ይጠብቀኛል ብሎ ሲወጣ ሱቄን ዘግቼ ተከተልኩት። ሜክሲኮ አልሄደም። ሰንጋ ተራ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ሥር ነው ያቆመው። እኔ ከአንድ ጁስ ቤት በር ላይ ቆሜ አየዋለሁ። ከሕንጻው አንዲት የስፖርት ጫማ ያደረገች ዘንካታ ሴት እየሳቀች ወጣች፤ በእጇ ጠቦት የምታህል ቀይ የፈረንጅ ውሻ በገመድ ይዛለች። ፀጉሩን ከሩቅ አወቅኩት።

ቅልል ሊለኝ ይገባ ነበር አይደል? ይባስ ከበደኝ። የኋላውን በር ከፍቶ ለውሻዋ ያደረገላትን ብታዪ አንቺም ትቀኚ ነበር። ደረቷ ላይ ሰደርያ የመሰለ ማሰሪያ አጠለቀላት፣ እሱን ከመኪናው ቀበቶ ጋር ቆለፈው፣ እንዳያንቃት ጣቱን በሥሩ አስገብቶ ሞከረው። ከዚያ ጭንቅላቷን ዳሰሳት። ወንበሩ ላይ ያነጠፈላት ደግሞ ውሃ የማያስገባ ወፍራም ሸራ ነው፤ አንዱ ጫፍ የፊተኛው ወንበር ራስጌ ላይ፣ ሌላው የኋለኛው ላይ ተንጠልጥሎ መሐሉ እንደ አንቀልባ ረገብ ያለ። በሮቹን በጥፍሯ እንዳትቧጭር በግራ በቀኝ ክንፍ አለው። የት እንዳሰፋው በኋላ ስሰማ፣ እዚሁ ጌጃ ሰፈር፣ ከሱቄ ሁለት ቅያስ አልፎ ወንበር የሚያለብሱት ዘንድ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል ማለት ነው። ሴት ብትሆን ተጣልቼ እገላገል ነበር። ከውሻ ጋር ምን ተብሎ ይጣላል?

ማታ ስይዘው ሁሉንም ነገረኝ። ሴትዮዋ ለሊሴ ትባላለች፣ ሜክሲኮ አካባቢ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ናት፣ ውሻዋ ደግሞ ሪታ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለእንስሳት ሐኪም ወይም ከከተማ ወጣ አድርጎ ለማሯሯጥ እሱ ነው የሚወስዳቸው። መጀመሪያ ሰሞን ጋቢና ያስቀምጣት ነበር፤ ፀጉሩ የዚያን ጊዜ ነው። ለምን ደበቅከኝ ስለው ሐጂ ሙስጠፋን ምክንያት አደረገ። ሐጂን አታውቂያቸውም፤ በርበሬ ነጋዴ ናቸው፣ ዘወትር ዓርብ ለጁምዓ የሚወስዳቸው በሱፍቃድ ነው። ነጭ ለብሰው ውዱእ አድርገው የሚገቡ ሰው የውሻ ምራቅ በነካው ወንበር ላይ ሊቀመጡ ነው፣ ወሬው ቢወጣ ደንበኛዬን አጣለሁ አለኝ። አመንኩት። ሐጂ በማግስቱ ሳሙና ሊገዙ ሱቄ ሲመጡ ግን አፌ አላርፍ ብሎኝ ጠየቅኳቸው። ሳቁና፣ "ልጄ፣ እኔማ ከነገረኝ ቆየ። ሸራውን አውልቆ፣ ወንበሩን አጥቦ ነው የሚመጣልኝ። እንዲያውም ሳይደብቀኝ በመንገሩ ነው ያመንኩት" አሉኝ። ሐጂ ከእኔ በፊት አውቀዋል። እኔ አብሬው የምተኛው ሰፈሩ ካወቀ በኋላ ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ ደግሞ የለሊሴ ትምህርት በቤቴ ተጀመረ። ውሻ መንገድ ከመውጣቷ በፊት ሆዷን አይሞሉም፣ ያስመልሳታል፤ ለሊሴ እንዲህ ብላለች። አንገቷን በመስኮት አውጥታ እንድትሄድ አይፈቀድም፣ ዓይኗ ውስጥ ጠጠር ይገባል፤ ለሊሴ እንዲህ ብላለች። ፀሐይ ላይ በተዘጋ መኪና ውስጥ ለአፍታም አትተዋትም፤ ይህንንም ለሊሴ ናት ያለችው። መቅዲ ሙች፣ ስምንት ዓመት አብሬው ስኖር አንድ ቀን ሰው ፊት "ፀሐይቱ እንዲህ ብላለች" ሲል ሰምቼው አላውቅም። አንቺ ማዳምሽ ውሻዋን ጋቢና አስቀምጣ አንቺን ከነዘንቢሉ ከኋላ እንደምትጭንሽ ስትነግሪኝ ስቄብሽ ነበር። ግፍ ነው መሰለኝ፣ ደረሰብኝ።

ሐምሌ ላይ ለሊሴ ለሥልጠና ናይሮቢ ሄደች። በሱፍቃድ እኔን ሳያማክር ሪታን ከነሸራዋ፣ ከነማሰሪያዋ፣ ከነውሃ መጠጫዋ ይዟት መጣ። አደራ ነው አለ፣ ውለታ አለብኝ አለ። ምን ውለታ ስለው ዝም። እኔ ደግሞ ዝም ሲለኝ ነገር በራሴ እየፈተልኩ የምገምድ ሰው ነኝ። ክረምቱን ሙሉ ስገምድ ከረምኩ። ጠዋት ሲወጣ ዓይኑ እሷ ላይ ነው፣ ማታ ሲገባ እሷ ላይ ነው። ስሟን ሲጠራ ድምፁ ይለሰልሳል። እኔን ሲያናግረኝ ሳህኑን ያያል።

ይህን ቀስ ብለሽ አንብቢልኝ። ልጅ እንደሌለን ታውቂያለሽ፣ ጠበሉን ሁሉ አብረሽኝ ዞረሻል። በየመስቀሉ አገር ቤት ስንገባ ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ "ያልወለደች ትውለድ" የሚሏት ላይ ሲደርሱ ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ይዞራል። ወደ እሱ የሚዞር ዓይን አይቼ አላውቅም። እና በሱፍቃድ ለዚያች ውሻ ቀበቶ ሲያስር ባየሁ ቁጥር፣ ልጅ ቢኖረን እንዲህ ነበር የሚያስረው እላለሁ። ጣቱን ከሥሩ አስገብቶ፣ እንዳይጠብቀው ሞክሮ። ያን ሁሉ እንክብካቤ ለልጄ ስጠብቅ ውሻ ወሰደችው። ቀናሁ፣ አልደብቅሽም፣ ዓይኔ ደም እስኪለብስ ቀናሁ።

መስቀል ሲደርስ ሪታን ማን ጋ እንተዋት? ጎረቤት አልቀበልም አለ። በሱፍቃድ ይዘናት እንሄዳለን ሲል ሰማይ የተደፋብኝ መሰለኝ። "ልጅ አጥተው ውሻ አቅፈው መጡ" ሲሉ ይሰማኛል። አለቀስኩ፣ ተቆጣሁ፣ እንዲያውም አልሄድም አልኩ። ጉራጌ ሆኜ መስቀልን አዲስ አበባ ልውል! እሱ ቀስ ብሎ፣ ጋቢናው የአንቺ ነው፣ ሪታ ከኋላ ታስራ ነው የምትሄደው፣ ሰው የሰጠኝን አደራ መንገድ ላይ አልጥልም አለኝ። እኔም ተንኮል አሰብኩ። በመነሻችን ጠዋት እሱ ጎማ ሊያስነፋ ወረድ ሲል የኋላውን ወንበር ለአማቴ በያዝነው ስጦታ ሞላሁት፤ ሳፋው፣ ብርድ ልብሱ፣ ስኳሩ፣ ቡናው፣ የልጆቹ ጫማ። ቦታ ካጣ ለሰፈሩ ጥበቃ ሰጥቷት ይሄዳል ብዬ ነው። ተመልሶ አየ። ሪታን ብድግ አድርጎ እግሬ ሥር አስቀመጣት። ተንኮሌ ጉልበቴ ላይ አገጯን አስደግፋ መንገድ ጀመርን።

ወሊሶን አለፍ እንዳልን ለመስቀል ከሚነዱት በሬዎች አንዱ ባለቤቱን ጥሎ መንገድ ውስጥ ገባ። በሱፍቃድ ፍሬኑን ረገጠው። እኔ ወደ ፊት ስሄድ አንድ ነገር ደረቴን ገፍቶ ወንበሩ ላይ መለሰኝ። የእሱ ክንድ ነው። መሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው እኔን ይዟል። ሪታ ግን የያዛት የለም፤ ተስፈንጥራ ከዳሽቦርዱ ጋር ተጋጨች፣ ምላሷን ነክሳ ደሟ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። "ፀሐይ፣ ምን ሆንሽ?" አለኝ መጀመሪያ። ደጋግሞ ጠየቀኝ። ደህና ነኝ ካልኩት በኋላ ነው ወደ እሷ ያየው። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። መኪናውን ዳር አስይዞ ዕቃውን አንድ በአንድ ወደ ጋቢና አሻገረ፣ ሸራዋን ከኋላ አነጠፈ፣ ማሰሪያዋን አጠለቀላት። አጠገቧ ያለችው ጥግ ብቻ ቀረችኝ። በራሴ ተንኮል ሳፋው ጋቢና ተሰየመ፣ እኔ ከኋላ ከውሻ ጋር ተቀመጥኩ። ውሻዋ ታዲያ ቂም የላትም፣ ከነደሟ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ ጣለች።

እንዲያ ሆኜ ነው ሰፈር የገባሁት። የታናሽ ወንድሙ ሚስት ልጇን አዝላ በር ላይ ቆማለች። በሩን ከፍታ ሪታን አየች፣ እኔን አየች፣ "እሰይ፣ ዘንድሮስ ባዶሽን አልመጣሽም" አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን አደርጋለሁ።

በእነ በሱፍቃድ ቤት ቂም ተይዞ የመስቀል ሥጋ አይቆረስም። በእርዱ ዕለት ጠዋት፣ በሬው ደጅ ታስሮ እያለ፣ አማቼ አባባ ተስፋሚካኤል ቤተሰቡን አቁመው ቂም ያለው ይናገር ይላሉ። ተራ በተራ የለኝም፣ የለኝም እየተባለ ይታለፋል። እኔም ስምንት ዓመት እንዲያ እያልኩ ነው ያለፍኩት። ያን ዕለት ተራው ሲደርሰኝ ከአፌ "አለኝ" የሚል ወጣ። ከማን አሉኝ። ከውሻዋ አልኩ። ልጆቹ ተንከባለሉ፣ በሬውን የያዘው ሰው እንኳ ገመዱን ለቆ ሊስቅ ነበር። አባባ ብቻ አልሳቁም። "ምን ወሰደችብሽ?" አሉኝ። እኔም "ባሌን ወስዳብኛለች አባባ። እሷን ያያል፣ እኔን ማየት ትቷል" አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ የሳቀ የለም።

ልጃቸውን ምን ትላለህ አሉት። በሱፍቃድ ሪታን እንሰቱ ጥላ ሥር እያሰራት ነበር። ቀና አለና፣ እውነቷን ነው አለ። ፊቷን ማየት ፈርቼ ነው አለ። ግንቦት ላይ ክሊኒክ ሄጄ ተመርምሬ ነበር፣ የማልወልደው እኔ ነኝ፣ እሷ አይደለችም አለ። እዚያው፣ ወንድሞቹ ፊት፣ አባቱ ፊት፣ ያቺ ልጅ ያዘለች ሴት ፊት። "ስምንት ዓመት እሷን የጠየቃችኋትን ከዛሬ ጀምሮ እኔን ጠይቁኝ" ብሎ ጨረሰ። አባባ ቢላዋውን ይዘው ቆመው ነበር፤ ይዘህ ቆይልኝ ብለው ለወንድሙ ሰጡና ተቀመጡ።

በመጨረሻ ታረደ፣ መስቀል አይቀርም። ክትፎው ሲቀርብ የመጀመሪያው ጉርሻ በዚያ ቤት ለወለደች ምራት ነው የሚሰጠው። አማቴ እጃቸውን ታጥበው ጠቀለሉና ያን ሁሉ ሰው አልፈው እኔ ፊት መጡ። ዓይናቸው ቀልቷል። ጎረስኩ። የታናሽየው ሚስት ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ እኔ ጭን ላይ አስቀመጠችውና ወጥ ቤት ገባች፤ እስኪመሽ አልወሰደችውም።

አሁን ተረጋጋሽ ወይ ብትይኝ፣ አልተረጋጋሁም። ለሊሴ ኅዳር ላይ ትመለሳለች። በኋላ እንደነገረኝ፣ ሳይታይ ወደሚመረመርበት ክሊኒክ የመራችው እሷ ናት፣ ውጤቱን ሲቀበል አጠገቡ የቆመችው እሷ ናት፣ ውለታ የሚላት ይህችን ነው። ደግ ሴት ናት፣ አምኛለሁ። ግን ባሌ ሲያለቅስ ያየችው እሷ ናት፣ እኔ አይደለሁም። ይህ ከሪታ ጋር ከነበረኝ ቅናት ይከፋል። ሪታ ለነገሩ አሁን እኔን ተከትላ ነው የምትውለው፣ ሱቁ በር ላይ ተኝታ ደንበኛ ታስደነግጥብኛለች። ኅዳር ሲደርስ እሷንም መልሼ ልሰጣት መሆኑን ሳስበው ሌላ ቅናት ነው። ቅናት ልማዴ ሆኗል መሰለኝ።

አንድ ነገር ግን ሳልነግርሽ አልዘጋም። ስንመለስ ጋቢና ነበርኩ፣ ሪታ ከኋላ ታስራ ተኝታለች። ቱሉ ቦሎ ስንደርስ አልቻልኩም፣ ለምን ለእሷ ነግረህ ለእኔ ደበቅክ አልኩት። መኪናውን ከአስፋልቱ አውጥቶ አቆመ። ቀበቶውን ፈታ። ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል፣ አንቺማ ጤነኛ ነሽ፣ ሌላ አግብተሽ ትወልጃለሽ ብዬ ነው አለኝ። የማገባውን ሰውዬ በሐሳቡ ሲያየው እንደከረመ ነገረኝ፤ ረጅም ነው፣ ሱሪው ተተኩሷል፣ ከእኔ የወለዳቸውን ልጆች በመኪናው ጭኖ በእኛ በር ያልፋል። ሌሊት ሌሊት እየተነሣ ሲሰድበው ያድር ነበር። እኔ በውሻ ስቀና፣ ባሌ ለካ ገና ባላየሁት ባል ሲቀና ከርሟል።

ላቅፈው ፈለግሁ፣ ልመታውም ፈለግሁ። እጄን እንኳ አላነሣሁም። በል ቀበቶህን እሰር፣ ቤታችን እንግባ አልኩት።

ነስሪንን፣ አብራሽ የምትኖረውን፣ አንገቷን አቅፈሽ ሳሚልኝ፤ ከሚጥሚጣው ድርሻዋን እንዳትነፍጊያት። ለማዳምሽ ውሻም ሰላምታዬን አድርሽልኝ፣ ጋቢናውን ግን ይልቀቅልሽ በይው። እማዬ ደህና ናት፣ ጉልበቷን ብቻ ያማታል፣ ስምሽን ሳታነሣ አትውልም። ሐጂ ሙስጠፋ አላህ በሰላም ያግባት ብለውሻል። በሱፍቃድም አጠገቤ ቆሞ ምን ትጽፊያለሽ እያለኝ ነው፤ ሰላም በያት ብሎሻል፣ ሌላውን አላነበበም። አንቺም ወገብሽን ጠብቂ፣ የሆድሽንም ጻፊልኝ፣ በአሚራ መመለሻ እጠብቃለሁ።

እህትሽ ፀሐይቱ
ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.